የግራ መዳፌ

አዳማ ፀጉሬን እየተስተካከልኩ ሳለ ቴሌቪዥኑ የአፍሪካ ሻምፒዮናን ያሳይ ነበር። የወንዶች መዶሻ ውርወራ ሲጀመር ፀጉር አስተካካዩ ወጣት «ሩጫው የታለ?» ብሎ አጉረመረመ። እኔ ግን አንዱ ወርዋሪ ጓንቱን ሲያጠልቅ ባየሁ ጊዜ መዳፌን አላበኝ።

በልጅነታችን ወለንጪቲ እያለን ጓንት አልነበረንም። እኔና ጓደኛዬ ከድር በያጅ በሠራልን መዶሻ፣ ሽቦ በታሰረበት የብረት ኳስ፣ ጤፍ በታጨደበት የኦቦ ቱፋ ማሳ ላይ እየተፈራረቅን እንለማመድ ነበር። ሽማግሌው ማሳውን የፈቀዱልን «ከብቶቹ ሲገቡ ታቆማላችሁ» ብለው ነው። አንድ ቀን ከድር ውሃ ሊቀዳ እንደሄደ፣ ከብቶቹ መግባት ጀምረው እያየሁ፣ አንዴ ብቻ ብዬ ወረወርኩ። መዶሻው ያረገዘች ላማቸውን እግር ሰበረው።

ኦቦ ቱፋ እየሮጡ መጥተው «ማነው የወረወረው?» አሉ።

«ከድር ነው» አልኩ።

የግራ እጄን ይዘው ከፈቱት። ሽቦው የላጠው መዳፌ ገና ይደማ ነበር። ጣቶቼን አንድ በአንድ መልሰው አጠፏቸውና «ልጄ፣ እኔ ምንም አላየሁም። አንተው ንገረኝ» አሉኝ።

እጄን ከኋላዬ ደበቅኩ።

ላሟ ታረደች። ከድርን አባቱ ዳግመኛ መዶሻ እንዳይነካ አስማሉት፤ ከሁለታችን አርቆ የሚወረውረው እሱ ነበር። ኦቦ ቱፋ ደግሞ እስኪሞቱ ድረስ፣ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር፣ ሰላምታችንን ከጨረስን በኋላ ትንሽ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።

«ጋሼ፣ አሳመምኩዎት እንዴ?» አለኝ ፀጉር አስተካካዩ።

ከለበስኩት ጨርቅ ስር የግራ እጄ ተጨብጧል።

«ኧረ ምንም አልሆንኩም» አልኩት።