መናማ ገበያ ውስጥ የተጣራችልኝ ጽጌ

መናማ ገበያ የጠፋሁ ቀን የነበርነው እኔ፣ የአገሬ ልጅ የመንዝ ሞላሌዋ ጽጌ፣ የሁለታችን አሠሪዎች የሆኑት እህትማማቾችና ሹፌራቸው ነን። ትናንት ልጄ ለሥራ ልትሄድበት ያሰበችውን ከተማ በስልኳ ስታሳየኝ፣ አንድ ነጭ በር ብቅ አለና ሁሉም ፊቴ ላይ ድቅን አሉ።

መናማ የባሕሬን ዋና ከተማ ናት፤ ደሴት ላይ ያለች። በሩን ባብ አል ባሕሬን ይሉታል። ድሮ ባሕሩ እስከ ደጃፉ ይደርስ ነበር አሉ፤ እኔ ስሄድ ግን በአፈር ተገፍቶ ርቋል። ከበሩ ወዲያ አሮጌው ገበያ ነው፤ የቅመሙ መንገድ፣ የጨርቁ፣ የወርቁ። የመንዝ ብርድ ያሳደገኝ ልጅ፣ በዚያ ሙቀትና በሄል ሽታ መሐል በሕልሜ የምሄድ ይመስለኝ ነበር።

እህትማማቾቹ ለሠርግ ወርቅ ሊገዙ፣ እኛን ዕቃ ሊያሸክሙ ይዘውን ሄዱ። ከመኪናው ስንወርድ ጽጌ፣ "እቴ፣ ከጠፋሽ ወደ ታች ውረጂ፤ በሩ ታች ነው" አለችኝ።

የጨርቁ ቀለም ይዞኝ ቀረ። ቀና ስል ማንም የለም። ወደ ታች ልውረድ ብል አገሩ እንደ አውድማ ለጥ ያለ ነው፤ ላይም ታችም የለው። ቋንቋ አልችል፣ ስልክ የለኝ። ከአሠሪዋ የተለየች ልጅ ኮብልላለች ተብላ እንደምትታሰር ሰምቼ ነበር።

ገበያው ውስጥ ካለው የህንዶች ቤተ መቅደስ አጠገብ፣ አበባ ሻጮቹ ዘንድ ቆምኩ። በእኛ አገር ጓሳ ተራራ ላይ ጉም ሲወርድ የጠፋ ሰው ካለበት አይነቃነቅም፤ ፈላጊው እየተጣራ ይመጣል። እኔም እንደዚያው አደረግኩ።

ቆይቶ ከወርቁ መንገድ በኩል፣ "ኧረ አንቺ አስካለ! አስካለዬ!" የሚል ድምፅ መጣ።

"አቤት!" አልኩ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ።

ነጋዴው ሁሉ ከየሱቁ ብቅ ብቅ አለ። እየተጠራራን፣ እየተጠራራን፣ ጽጌ ላብ አጥምቋት ደረሰች።

"በግ እንኳ እንዲህ አይጠፋም! እመቤትሽ ለፖሊስ ልትደውል ስልኳን ይዛለች፤ ነይ ቶሎ!"

"ታች ያልሽው የታል?"

ዙሪያዋን አየችና ሳቋ አመለጣት። "ውይ! ለካ ይሄ አገር ታች የለውም!"

እኔ ውሌን ጨርሼ መንዝ ተመለስኩ፤ መሐል ሜዳ ከተማ ገባሁ፣ ወለድኩ። ጽጌ እዚያው ቀረች፤ ኋላም ስልኳ አልሠራ አለ። ልጄ፣ "እማ፣ ዛሬ እኮ ስልኩ መንገዱን ያሳያል" ትለኛለች። ያሳይ። ልጄ ብትጠፋ ግን በስሟ የሚጣራላት ሰው እዚያ ማን አላት? እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

ጽጌ ቀጭን ናት፤ ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አለ፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ልጄ ሳትሄድ፣ ያለችበትን የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።