የላላው ቀበቶ

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ሮተርዳም፣ ሻርሎይስ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ አሮጌ መኪና የሚፈታበት ግቢ በያጅ ነበርኩ። የግቢው ባለቤት ሆላንዳዊ ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ መኪና ይፈታል፤ እሁድ እሁድ ደግሞ ከከተማ ወጣ ብሎ ጭቃ ሜዳ ላይ መኪና ያጋጫል። ስቶክ ካር ይሉታል። አሮጌ መኪኖች ተጠናክረው ክብ እየዞሩ ይሽቀዳደማሉ፤ መገፋፋትና መጋጨት የጨዋታው ደንብ ነው። መጀመሪያ ሳየው ተናደድኩ። እኛ አገር አንድ መኪና ስንት ቤተሰብ ያስተዳድራል፣ እነዚህ ጥጋበኞች ሆን ብለው ይሰብሩታል አልኩ። በኋላ ግን ለመድኩት፤ እውነቱን ለመናገር ወደድኩት።

የወደድኩት ሥራውን ነው። መስታወቱን ሁሉ እናወጣለን። በሮቹን በይደን እንዘጋለን፤ ነጂው የሚገባው በመስኮት ነው። የነዳጁን ጋን ከኋላ አንስተን ወፍራም የላሜራ ሳጥን ውስጥ እናስቀምጠዋለን። ከዚያ ነጂውን ዙሪያውን በብረት ቱቦ እናጥረዋለን፤ መኪናው ቢገለበጥ ክብደቱን የሚሸከመው ቱቦው ነው። መጨረሻ ላይ ቀበቶው ይመጣል፤ ሁለት ከትከሻ፣ ሁለት ከወገብ፣ ሆድ ላይ አንድ ላይ የሚቆለፍ። ነጂው ራሱ በደንብ ሊያጠብቀው ስለማይችል ከውጭ ሆኖ የሚስብለት ሰው ያስፈልጋል። ሆላንዶቹ ጉልበታቸውን በሩ ላይ ተክለው ጓደኛቸው እስኪያቃስት ይስቡታል፣ ከዚያ ይሳሳቃሉ።

ጋሼ የምላቸውን ሰው ወደዚያ ሜዳ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ሃምሳን አልፈዋል፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ነድተዋል። እዚህ የመንጃ ፈቃዳቸውን የሚቀበል ስላልተገኘ ቢሮ ያጸዱ ነበር። ሜዳው ላይ ግን መንጃ ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። የመጀመሪያው እሁድ ፊታቸው ጭቃ ለብሶ በመስኮት ሲወጡ ሳቁ። ስደት ከመጡ ወዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

ቀበቶ ግን ይፈሩ ነበር። አንድ ጊዜ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ሲላቸው ዘለው ወርደው ተርፈዋል። መኪናቸው ተገልብጦ መንገድ ሲዘጋ፣ ከኋላቸው ይነዳ የነበረው ባልደረባቸው ግን ገጭቶት መሪው ይዞት፣ እሳቸው ቆመው እያዩ ተቃጥሏል። ስለዚህ መኪና ሲገለበጥ ሰውን የሚያድነው እግሩ ነው ይሉኝ ነበር።

ከውድድሩ በፊት ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ቀበቶውን አንድ በአንድ ጎተት ጎተት አድርጎ ያልፋል። እሱ ዞር ሲል ጋሼ በመስኮቱ ቀና ብለው ያዩኛል።

«ልጄ፣ የትከሻውን ላላ አድርግልኝ።»

«እሺ ጋሼ።»

በጋውን ሙሉ እንዲሁ አደረግን። ሮተርዳም የገባሁ ሰሞን አልጋቸውን ለቀውልኝ መሬት የተኙ ሰው ናቸው። እሳቸውን እምቢ የምልበት አፍ ከየት ይመጣል? አባቴን በሚያህል ሰው በር ላይ ጉልበቴን ተክዬ ደረታቸውን ማስጨነቅማ የማይታሰብ ነበር። ይሉኝታ ይዞኝ ነበር ብል ያምርልኝ ይሆናል፤ ፍርሃት ብል ይሻላል።

አንድ እሁድ ዳቦ ጋጋሪ የሆነ ተወዳዳሪ ሦስት ጊዜ ተገለባበጠ። መኪናው የተጨማደደ ወረቀት መሰለ። ሰውየው ግን ቀበቶውን ፈትቶ በራሱ እግር ወጣ። ሸሚዙን ሲያወልቅ ትከሻና ትከሻው ላይ የቀበቶው ቅርጽ ልክ በልኩ በልዞ ታትሟል። ጋሼን ጠርቼ አሳየኋቸው፤ ያተረፈው ይሄ ነው አልኳቸው። አተኩረው አዩና ዕድሉ ነው ብለው ሄዱ። በሚቀጥለው እሁድም የትከሻውን ላላ አደረግኩላቸው።

በጋው ሲያልቅ፣ በዝናብ፣ የጋሼን መኪና አንዱ ከኋላ መታው። የሜዳውን አጥር ታክኮ ወጣና በጣሪያው ተደፋ። ፍጥነትም አልነበረውም። ከጋጋሪው ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የማይባል አደጋ ነው። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ ጋሼ የፈሩት እሳት ግን አልደረሰም። ሮጬ ስደርስ ጭስ የለም፣ የፈሰሰ ነዳጅ የለም፣ የበየድኩት ቱቦ አንዱም አልጎበጠም። እሳቸው በወገባቸው ተንጠልጥለዋል። የትከሻው ቀበቶ ላልቶ ሰውነታቸው ወደ ጣሪያው ወርዷል፤ ጭንቅላታቸው የኔ ቱቦ ላይ አርፎ አንገታቸው ታጥፏል። ዓይናቸው ግን ተገልጧል።

«ልጄ፣ እግሬን ምን ያዘው?» አሉኝ።

እግራቸውን የያዘው ነገር አልነበረም።

ተቆጣጣሪው ማን እንዳሰራቸው ጠየቀ። እኔ ነኝ አልኩ። ጥብቅ መሆኑን በእጁ ጎትቶ አይቶ ነበርና ፊቴን ትኩር ብሎ አየኝ። የግቢው ባለቤት ደግሞ ሊያጽናናኝ ፈልጎ ቱቦው ጸንቷል አለኝ፤ በቡጢ ልለው ምንም አልቀረኝም።

ጋሼ ከአንገት በታች አይታዘዛቸውም። የሚኖሩት የሕሙማን መኖሪያ ቤት ውስጥ ነው። እኔ ሥራዬን ቀጠልኩ። እሁድ እሁድ የማላውቀው ሰው በር ላይ ጉልበቴን እተክላለሁ፣ ሲያቃስትም አልለቅም። ይሰድቡኛል፤ ይስደቡኝ። በኔ እጅ ታስሮ የተገለበጠ ብዙ ነው፣ ሁሉም በእግሩ ሄዷል።

ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው ደፍሬ የተናገርኩት። ያላላሁት እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። ያዘዝኩህ እኔ ነኝ አሉኝ፤ ከዚያ ዓይናቸውን ከጣሪያው ወደኔ መለሱ።

«ግን አንድ ቀን እንኳ እምቢ ብትለኝ ምን ነበረበት?»

ቁጣ የለበትም። ቢረግሙኝ ይቀለኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ባሕር አሳየኝ ስላሉኝ ወደ ስኬቨኒንገን የባሕር ዳርቻ ልወስዳቸው ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን ታክሲ ጠራሁ። ሹፌሩ የወንበሩን ጎማዎች ከወለሉ ጋር አሰረና የደረቱን ቀበቶ ሊይዝ ሲል፣ ለኔ ተወው አልኩት። ጉልበቴን ወንበሩ ላይ ተክዬ ሳብኩ። ጋሼ አላቃሰቱም፤ ደረታቸው ላይ የሚሰማቸው ነገር የለም። ፊቴን ፊቴን ያዩኛል።

«ጠብቋል?» አሉኝ።

«ጠብቋል ጋሼ።»

«እሺ» አሉ።