ወርዋሪው

በግቢው ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «ወርዋሪው» ነው የሚለው። ቅጽል ስሙን ያተረፈው በሥራው ነው። ውሻ መሰናክሉን ዘሎ እግሩ ሣር ከመንካቱ በፊት፣ የተቀቀለች ቁራጭ ጉበት ከአሥር እርምጃ ላይ ወርውሮ ልክ አፍንጫው ሥር ያሳርፋታል። ሲስት ያየው ሰው የለም። ውሾቻቸውን ሊያስመዘግቡ የሚመጡ ሰዎች አጥሩን ተደግፈው እያዩት «ይሄ ሰውዬ እጁ ላይ ዓይን አለው እንዴ?» ይባባላሉ። እሱም ፈገግ ይልና ወገቡ ላይ ካሰራት ከረጢት ሌላ ቁራጭ ያወጣል። ፈገግታው ግን ከጥርሱ አያልፍም፤ ምክንያቱም ወርዋሪው ውሻ ይፈራል።

የሚፈራውም በመጠኑ አይደለም። ጠዋት ጠዋት የውሾቹን ማደሪያ በር ሲከፍት ምላሱ ከላንቃው ይጣበቃል፣ ሸሚዙ ፀሐይ ሳይነካው በላብ ይርሳል። ውሻ የሚፈራ የውሻ አሠልጣኝ! ከፍታ የሚፈራ ጣራ ሠሪ እንኳ ከሱ ይሻላል፤ ጣራ አይናከስም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ወደዚህ ግቢ የመጣው በአናጢነት ነው። የግቢው ባለቤት ዕድሜያቸውን በነርስነት ጨርሰው፣ ጡረታ ሲወጡ የውሻ ማሠልጠኛ የከፈቱ ሴት ናቸው፤ ዛሬም ሁሉም ሲስተር ነው የሚላቸው። መዝለያዎቹን፣ መወጣጫውንና መሐሉ ላይ ብቻ ተደግፎ ወዲያና ወዲህ የሚያጋድለውን ሳንቃ እንዲሠራላቸው ቀጠሩት። እሱም የሳንቃውን ጥንካሬ ልይ ብሎ አንድ ቡችላ በጉበት እያባበለ አሻገረበት። ያ ቡችላ ለሲስተር ሁለት ሳምንት ሙሉ እምቢ ያለ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ መጋዝህን አስቀምጥና ና» አሉት።

በዚያው ቀረ፤ ይኸው አሥራ አንድ ዓመቱ። ሥራውን ከአንጀቱ ወደደው። ውሻ በዱላ እንደማይዘል፣ የሚዘለው ከመሰናክሉ ማዶ የሚወደው ነገር ሲጠብቀው እንደሆነ የገባው ጊዜ፣ ቤት በገባ ቁጥር ይህንኑ እያወራ ሚስቱን አሰለቻት። «እኔንስ አንዳንዴ እንዲህ ብታባብለኝ ምናለበት?» ትለው ነበር።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ጆሮው የታመመ አንድ ትልቅ የጥበቃ ውሻ ጉበቱን ከመዳፉ ሊቀበል ቀረበና እጁን ያዘው። አልጮኸም፣ አላጉረመረመም። ዝም ብሎ ያዘው፣ ዝም ብሎም አየው። «የሚጮህ ውሻ አይናከስም» ሲባል ሰምቷል፤ ስለማይጮኸው ግን የነገረው አልነበረም። ሲስተር ባልዲ ሙሉ ውሃ እስኪደፉበት ድረስ አለቀቀውም። ቁስሉ ተሰፍቶ ዳነ፤ የቀኝ አውራ ጣቱ ብቻ እንደ ልብ አይታጠፍም። ፍርሃቱ ግን አልዳነም። ዛሬም አንድ ውሻ ዝም ብሎ ካየው ያ መንጋጋ አጥንቱ ላይ ሲዘጋ ይሰማዋል።

ለማንም አልተናገረም። በዚህ አውራ ጣት መላጊያ ይዞ ወደ አናጢነት መመለስ የማይታሰብ ነው፤ ከዚህ ሥራ ከወጣ መግቢያ የለውም። ከዚያም በላይ አፈረ። የጠረጠረችው ሚስቱ ብቻ ናት። አንድ ቀን ከገበያ ሲመለሱ የጎረቤት ውሻ በር ላይ ተኝቶ ሲያይ መንገዱን ተሻገረ።

«ምነው ዞርክ?»

«ጭቃ አለ።»

«የታለ ጭቃው?»

ዝናብ ከዘነበ ሁለት ወር አልፎ ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እሷም ገብቷታል መሰለኝ ሌላ አልጠየቀችውም፣ እጁን ብቻ ያዝ አደረገችው።

ፍርሃት ደግሞ ብልሃት አያጣም። መጀመሪያ ከእጅ ማብላቱን ተወና መወርወር ጀመረ። ቀጥሎ ገመዱ ቀረ። ውሻ መሰናክሉን ሲጨርስ ሽልማቱ ከአሠልጣኙ ጋር ገመድ መጓተት ነበር፤ ገመድ መጓተት ማለት ግን እጅን ከጥርስ አጠገብ ማኖር ነው። «ጥርሳቸውን ያበላሻል» አለ፤ ሲስተርም አመኑት። በገመዱ ፈንታ ኳስ መጣ። ኳሱንስ ከውሻው አፍ ማን ይቀበላል? ለዚህም መላ አገኘ፤ ሁለተኛ ኳስ ሲወረውር ውሻው የመጀመሪያውን ጥሎ ይሮጣል። ሰው አደነቀለት። ትልቁ ኳስ ከማይታጠፈው አውራ ጣቱ እያመለጠ ሲያስቸግረው ደግሞ፣ በመዳፍ ውስጥ ጥፍት የምትል ትንሽ የጎማ ኳስ ገዝቶ መጣ።

ሲስተር ኳሷን አገላብጠው አዩዋት። «ይቺ ለዳማ አታንስባትም?»

«ለመወርወር ትመቻለች» አለ።

ኳሷን መለሱለት። የሚያውቀው እሱ ነዋ።

ዳማ የሲስተር የራሳቸው ውሻ ናት፤ ጠጉሯ ወደ ቀይ የሚያደላ፣ ደረቷ ሰፊ፣ ኳስ ካየች ዓለምን የምትረሳ። ከውሾቹ ሁሉ ሻል ባለ ልብ የሚያሠራት እሷን ነበር፤ ያውም ከአሥር እርምጃ ርቀት።

ያን ቀን ጠዋት ሜዳው ላይ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ሲስተር ቢሯቸው ውስጥ ስልክ ያወራሉ። ዳማ ሦስቱን መዝለያ አለፈች፣ በቱቦው ሾልካ ወጣች፣ የሚያጋድለው ሳንቃ ላይ ወጥታ በወዲያኛው በኩል ወረደች። ሳንቃው ጓ ብሎ መሬት ሲነካ ወርዋሪው ኳሷን ለቀቃት። ዳማ ዘላ፣ አፏን በሰፊው ከፍታ፣ አየር ላይ ቀለበቻት። የሚያምር አቀላለብ ነበር። እሱም ሁለተኛዋን ኳስ ይዞ የመጀመሪያዋ እስክትወድቅ ጠበቀ።

አልወደቀችም። ዳማ አንገቷን አሰገገች፤ ራሷን ነቀነቀች፤ በፊት እግሯ አፏን ትቧጥጥ ጀመር። ሁለተኛዋን ኳስ ወረወረ። ዞር ብላም አላየቻት። ሳል የለም፣ ማቃሰት የለም፣ ትንፋሽ የለም። ኳሷ ጉሮሮዋን ደፍናዋለች።

«ሲስተር!» ብሎ ጮኸ። «ኧረ ሲስተር ይድረሱ!»

የቢሮው መስኮት ዝግ ነው። በመስታወቱ ውስጥ ጀርባቸው ይታያል፤ ስልኩ ጆሯቸው ላይ ነው።

ዳማ ወደ እሱ መጣች። ዓይኗ ፈጥጦ፣ ለሃጯ እየተዝረበረበ፣ ያለ አንዳች ድምፅ እየተንገዳገደች መጣች። እርዳኝ ማለቷ ነበር፤ ሌላ ምን ይሆናል? እሱ ግን ያየው ዝም ብሎ የሚመጣ አፍ ነው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። መጣች። ሌላ እርምጃ ሸሸ። ጀርባው ከመወጣጫው ጋር እስኪላተም ድረስ ሸሸ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ፤ ደረሰ። ዳማ እግሩ ሥር ስትደርስ ጉልበቷ ከዳትና በጎኗ ወደቀች። ድዷ እየጠቆረ ነበር።

እንዴት እንደተንበረከከ አያውቅም። እጁ ግን እምቢ አለው፤ ክንዱ ሄዶ ሄዶ ከአፏ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። «ወይኔ፣ ወይኔ» እያለ ዓይኑን ጨፈነና ቀኝ እጁን በጥርሶቿ መካከል ሰደደው። ይሞቃል፣ ያዳልጣል። ኳሷን ነካት፤ አመለጠችውና ወደ ውስጥ ገባች። የባሰ ገፋኋት! አለ በልቡ። ይኼኔ የዳማ መንጋጋ ተዘጋ።

ያው ሕመም፣ ያው ቦታ። ሁለመናው «አውጣ!» ብሎ ጮኸበት። ሽንቱ ሊያመልጠው ምንም አልቀረው። አላወጣም። በግራ እጁ ከጉሮሮዋ ሥር በውጪ በኩል ኳሷን ዳበሰና ወደ ላይ ገፋት፤ በውስጥ ያሉት ጣቶቹ ከኋላዋ ገብተው ቆለፏት። ገፋ፣ ጎተተ፣ እንደገና ገፋ። ኳሷ ከደምና ከለሃጭ ጋር ሣሩ ላይ ዱብ አለች። ለአፍታ ምንም ነገር አልሆነም። ከዚያ ዳማ እንደ ዛገ በር ሲጢጥ የሚል ረጅም ትንፋሽ ሳበች።

ሲስተር እየሮጡ ደረሱ። ድዷን ገልጠው አዩ፣ ጆሯቸውን ደረቷ ላይ ለጠፉ፣ ቀጥሎ የሱን እጅ አዩ።

«ተመስገን! አንተ ባትኖር እኮ ሞታ ነበር!» ብለው ትከሻውን አቀፉት።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይችል ነበር። ዝም ቢል ጀግና ነው፤ ሥራውም ስሙም እንደተከበሩ ይኖራሉ። ግን ዳማ አጠገቡ ተጋድማ ትተነፍሳለች፤ እያንዳንዱ ትንፋሽ ይሰማዋል።

«እኔ ባልኖር ኖሮ አትታነቅም ነበር» አለ። «ኳሷን ያሳነስኳት እኔ ነኝ። ገመዱንም ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ጥርስ ምናምን ያልኩት ውሸቴን ነው። ውሻ እፈራለሁ ሲስተር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እፈራለሁ። አሁን ራሱ ድረስልኝ ብላ ስትመጣ ሸሽቻታለሁ።»

ሲስተር እጃቸውን ከትከሻው አነሱ። «ሦስት ዓመት ሙሉ?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ።»

«ብትነግረኝ እበላህ ነበር?» አሉ በቁጣ። ቁጣቸው ግን እጃቸው ላይ አልደረሰም፤ ቁስሉን ማጠብ ጀምረዋል። «ልትገድላት ነበር እኮ!»

«አዎ።»

አጥበው ጨረሱ፣ ጠቅልለው አሰሩ። ቀና ሳይሉ «ሁለታችሁም ሦስት ቀን ታርፋላችሁ። በአራተኛው ቀን መጥተህ ከእጅህ ታበላታለህ» አሉ።

«ካልቻልኩስ?»

«እሱን ያኔ እንነጋገራለን» አሉና ዳማን ወደ ሐኪም ይዘዋት ሄዱ።

በአራተኛው ቀን ወርዋሪው ሜዳው መሐል ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠ። በተጠቀለለው መዳፉ ላይ አንዲት ቁራጭ ጉበት አለች። ሦስት ቀን ሙሉ ይህችን ደቂቃ ሲፈራ ነው የከረመው፣ ቁርስ እንኳ አልወረደለትም። ሲስተር አጥሩ ጋ ቆመው ዳማን ለቀቋት። ስታየው ጭራዋን እየቆላች ወደ እሱ በረረች። ዓይኑን ሊጨፍን ሲል ቀጥ አለች፤ አሥር እርምጃ ላይ። ቁጭ ብላ ክንዱን ክንዱን ታየው ጀመር።

«ነይ ዳማ። ነይ እሜቴ።»

ጭራዋ ሣሩን ጠረገ። አልመጣችም። ከሱ ዘንድ ጉበት የሚመጣው በአየር ነው፤ በእጅ ይበላል ያላት የለም።

«እሷ ካልመጣች አንተ ሂድላታ!» አሉ ሲስተር ካሉበት።

ተነሣ። አንድ እርምጃ ተራመደ። ዳማ ብድግ ብላ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ሌላ ተራመደ፤ ሌላ አፈገፈገች። ፈርታው አይደለም፤ ጭራዋ እየተቆላ ነው፣ ዓይኗ ጉበቱን በጉጉት ይጠብቃል። ያስተማራትን ርቀት እየጠበቀች ነው እንጂ፣ አንዲት እርምጃ ሳታዛንፍ።

ወርዋሪው ቆመ። ትቀርበኛለች ብሎ ሦስት ዓመት የፈራ ሰው፣ አሁን ላትቀርበኝ ነው ብሎ ፈራ። ይኼኛው ፍርሃት ከዚያኛው ይብሳል። መዳፉን እንደዘረጋ ሣሩ ላይ ተቀመጠና «እባክሽ» አላት።