በቃጫ የተገመደው ሽቦ

በአንድ የጊፋታ ቀን፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ሽቦዬ ዘፋኙን ጠልፎ ጣለውና የሶዶ ሕዝብ በእኔ ሲስቅ ዋለ። ሬዲዮ ጠጋኝ ነበርኩና የከተማው ድምፅ ማጉያም በእኔ እጅ ነበር። የበዓሉ አዘጋጅ ሹም፣ "ለከርሞ ከደገምከው ከአዲስ አበባ ባለሙያ አስመጣለሁ" አሉኝ። አልዋሽም፣ እንቅልፍ አጣሁ።

ከመድረኩ ጎን ስለምቀመጥ ሕዝቡ የሚሰማውን አልሰማም ነበር። ስለዚህ አራቱን የማይክሮፎን ሽቦዎች አስረዝሜ፣ አንድ ላይ አስገምጄ፣ የድምፅ መቆጣጠሪያውን ሕዝቡ መሀል ላኖረው ቆረጥኩ። ከእንሰት ቃጫ ገመድ እየገመዱ የሚሸጡ አሮጊት ጎረቤት ነበሩኝ፤ ለእሳቸው ሰጠኋቸው።

እማማ አራቱን በቃጫ ጠቅልለው አንድ ወፍራም ገመድ አደረጉልኝ። በሁለቱም በኩል በየሽቦው ጫፍ ቋጠሮ አሰሩ፦ ለአንዱ አንድ፣ ለሌላው ሁለት፣ እስከ አራት።

"ገበያ ላይ የሰው ላም ሲቀላቀል በገመዷ ቋጠሮ ነው የምንለየው" አሉኝ።

በልቤ ሳቅኩ። ለበዓሉ የሚመጡት የአዲስ አበባ ሙዚቀኞች እንዳይስቁብኝ ብዬ በእኔ በኩል ያሉትን ቋጠሮዎች በመቀስ ቆረጥኳቸው። በመድረኩ በኩል ያሉትን ግን ቸኩዬ ረሳኋቸው።

በዓመቱ፣ በበዓሉ ቀን፣ ሙዚቀኞቹ ዘግይተው ደረሱና ሳንሞክር ተጀመረ። ዘፋኙ አፉን ሲከፍት ድምፁ የለም። የእሱን ልጨምር ብል ከበሮው ጮኸ፤ ሌላውን ብነካ አኮርዲዮኑ። ሽቦዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ሹሙ ከወንበራቸው ሲነሱ ላብ አጠመቀኝ።

ይህን ጊዜ እማማ ማንንም ሳይጠይቁ መድረኩ ላይ ወጡ። የዘፋኙን ሽቦ በጣታቸው ዳብሰው ማይክሮፎኑ ላይ ጮኹ፦ "አንተ ልጅ! ይሄ የዘፋኙ ነው፣ ባለ ሦስቱ!" ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሳዞር፣ በአንዱ ድምፃቸው ሜዳውን ሞላው። ከገመዱ ቃጫ መዝዤ የዚያ ቁልፍ ሽቦ ላይ ሦስት ቋጠሮ አሰርኩበት። እንዲሁ እያሉ አራቱንም አዳረሱ። በመጨረሻ፣ "ሁለተኛ ብትቆርጥ ጣትህን ነው የምቋጥረው!" ሲሉ ሕዝቡ በሳቅና በእልልታ ተናጋ። እግዜር ሲጣላ ሳይደግስ አይጣላም።

ዘፋኙ ጀመረ። ሕዝቡ የሚሰማውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ፤ የዘፋኙ ትንፋሽ እንኳ አላመለጠኝም። አኮርዲዮኑን ዝቅ፣ እሱን ከፍ አደረግኩ፤ ሜዳው በጭፈራ ቀለጠ፣ ማንም በሽቦ አልተጠለፈም። ደስታዬ እንባዬን አመጣው።

ሹሙ እጄን ጨብጠው፣ "በቃ፣ ባለሙያ አላስመጣም" አሉኝ።

"ባለሙያዋ እዚያ ናቸው" ብዬ ወደ መድረኩ ጠቆምኳቸው። እማማ ጥግ ላይ ቆመው፣ ማንም እንዳይረግጥባቸው ገመዳቸውን ይጠብቃሉ።