ጣሪያውን የሚመታው መዳፍ

ሾፌሯ ዕድሜዋን ሙሉ ታክሲ ስትነዳ ረዳቷ የገዛ ባሏ ነበር። ተሳፋሪው ሲሞላ ጣሪያውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «ሳቢው!» ካላላት ንቅንቅ አትልም። ከተቀበረ በኋላም ሞተር ባስነሳች ቁጥር ከላይ የሚመታ መዳፍ ይሰማታል። ቢጨንቃት ታክሲዋን ሸጠችና ትንሽ የቤት መኪና ልትገዛ ልጇን አስከትላ ወጣች።

ሻጩ ሁለት አሳያት፤ አንዷ ባለ ጣሪያ፣ ሌላዋ ጣሪያዋ የሚከፈት።

«ክፍቷን! እስቲ አሁን ምኑን እንደሚመታ አያለሁ» አለችና ገብታ ሞተር አስነሳች።

ከላይ የሚመታ መዳፍ አልተሰማትም። እግሯን ነዳጅ መስጫው ላይ አድርጋ ጠበቀች። መነሳት አቃታት።

«እማዬ፣ ተገላገልሽ አይደል እንዴ?» አለቻት ልጇ።

«ዝም በይ! ባለ ጣሪያዋን አምጡልኝ» አለች፣ እንባዋን እየጠረገች። «በዚችማ ምኑን መትቶ ‹ሳቢው› ይበለኝ?»