እማዬ ባሕር ልታይ የነበረ ጊዜ

ልጄ ሊያ ገዝታ ያመጣችውን የፀሐይ መከላከያ ቅባት ስትከፍተው፣ የኮኮናቱ ሽታ ሆፕኪንስ ከተማ ያለውን ሳሎናችንን ሞላውና መስኮት ከፈትኩ። እሷ ምን ታውቃለች! ስልኳ ላይ የኦሬገንን የባሕር ዳር መንገድ ዘርግታ፣ «ማም፣ ኖ ራሽ፤ ሳንቸኩል ደስ ያለን ቦታ እናድራለን» ትለኛለች። እኔ ግን በሐሳቤ ያደግሁበት የሲዋርድ ሰፈር አፓርትመንት ውስጥ ነኝ።

እማዬ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ድርብ ሺፍት የምትሠራ፣ እረፍት ውሰጂ ሲሏት እንደ ስድብ የምትቆጥር ሴት ነበረች። ደሴ ተወልዳ አድጋ፣ ባሕር በዓይኗ አይታ አታውቅም። ታዲያ አንድ ሰመር አባዬ፣ ያ ለቤንዚን እንኳ የሚነጫነጭ ታክሲ ነጂ፣ ድንገት ተነስቶ «በመኪና ባሕር እንሂድ፤ ሳንቸኩል፣ እየተዝናናን። ቫኬሽንሽን ጠይቂ» አላት። መጀመሪያ «ጤና የለህም እንዴ?» ብላ ሳቀችበት፤ ሳምንት ሳይሞላ ግን ከእኛ ከልጆቹ ብሳ ልጅ ሆነች። ካርታው ጠረጴዛው ላይ ስለተዘረጋ እራት ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን በላን፤ የመንገድ ምግብ ስለማታምን ዳቦ ቆሎ በፌስታል በፌስታል ሞላች፤ ያንን ቅባትም ገዝታ «ጥቁር ሰው ደግሞ ምኑ ይቃጠላል» እያለች በየቀኑ ታሸተው ነበር። ከሁሉ በላይ የጓጓችው ግን አባት ሆነው ላሳደጓት ታላቅ ወንድሟ ለጋሼ፣ ውሃው ዳር ቆማ ስልክ ደውላ የማዕበሉን ድምፅ ልታሰማቸው ነው። አባዬ ካርታው ላይ እንዳቀረቀረ «ጥሩ ሐሳብ ነው» አላት። የጋሼ ስልክ አልነሳ ሲላት «አገር ቤት ኔትወርክ ጠፍቷል» ይላታል፤ ታምነዋለች።

የጉዞው ዕለት ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። እማዬ ቅባቱን ተለቅልቃ፣ ፊቷ አመድ መስሎ፣ ከፈተች። የቤተክርስቲያን ሰዎች፣ ብሉሚንግተን የሚኖሩ ዘመዶቻችን፣ የሥራ ጓደኞቿ ደረጃውን ሞልተውታል። «ወይ ጉድ! ባሕር ለማየት ይሄ ሁሉ ሸኚ?» ብላ ከት ብላ ሳቀችና ዳቦ ቆሎውን ማዞር ጀመረች። አንድም ሰው አልዘገነም። ያኔ ሴቶቹ ነጠላቸውን ለሐዘን እንደሚደረገው አዘቅዝቀው መልበሳቸውን አየች።

ጋሼ ካረፉ ወር አልፏቸው ነበር። ከእኛ ከልጆቹና ከእሷ በቀር ሁሉም ያውቃል። መርዶ በስልክ፣ ሥራ ቦታ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ቤቷ መሆን አለበት። እሷ ደግሞ ያለ ምክንያት እረፍት አትወስድም፤ ስለዚህ አባዬ ባሕሩን ፈጠረላት። ወግ ነው፣ ክፋት የለበትም ይላሉ። እኔ ግን ከዚያ የበለጠ ጭካኔ እስከ ዛሬ አላየሁም! ደረቷን እየደቃች፣ እንባዋ ነጩን ቅባት እየጠረገው ሲወርድ፣ የምትጮኸው ስለ ጋሼ ሞት አልነበረም። «ስስቅ ዝም ብላችሁ አያችሁኝ! ወር ሙሉ ስስቅ አያችሁኝ!» ነበር የምትለው።

ሐዘኑስ አለፈ። አባዬም አሁን የለም። ያልተመለሰው እማዬ በሰው ላይ የነበራት እምነት ነው፤ ለልደቷ ኬክ ይዘን ስንገባ እንኳ መጀመሪያ የምታየው የነጠላችንን አለባበስ ነው። ባሕርንም እስካሁን አላየችም።

ሊያ ይህን አታውቅም። ቅባቱን እጇ ላይ እያሸች ለእማዬ ደወለችላት፤ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገችና በተሰባበረ አማርኛዋ «እማማ፣ በመኪና ባሕር እንሄዳለን፤ አንቺም ትመጫለሽ!» አለቻት።

እማዬ ግን «እናትሽን አቅርቢልኝ» አለቻት።

«አቤት እማዬ» አልኳት።

«ማነው የሞተው?» አለችኝ። «አሁኑኑ በስልክ ንገሪኝ፤ ሰው አትሰብስቢብኝ።»