እህቴ ተማሪዎቿን መስጊድ የወሰደች ዕለት

እህቴ ሃይማኖቶችን የምታስተምር መምህርት ናት፤ ስትፈራ ጠመኔ ትሰባብራለች። ተማሪዎቿን ቤተ ክርስቲያን አሳይታ ቀጥሎ መስጊድ ልትወስዳቸው ስትል፣ የአንዷ ተማሪ አባት የሆነ ሥጋ ሻጭ የወላጆች ስብሰባ ላይ ቱግ አለ። «ልጄን ሌላ ሰው አድርጋችሁ ብትመልሱልኝ እንተያያለን!»

እኔ ብሆን በቃኝ ብዬ ቤቴ እተኛ ነበር። እሷ ግን የዋዛ አይደለችም። «አንድ ወንበር ላይ እየተቀመጡ አንዱ የሌላውን ጸሎት ቤት የማያውቀው እስከ መቼ ነው?» ብላ ይዛቸው ሄደች። ልጆቹ አንድ ዓይነት ጥቁር የደንብ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ፤ ኢማሙን በጥያቄ አፋጠጡት፤ እየተንጫጩ ወጡ።

በማግስቱ ጠዋት ሥጋ ሻጩ ሽርጡን እንኳ ሳይፈታ የክፍሉ በር ላይ ተገተረ። ጠመኔው እህቴ እጅ ላይ እንክት አለ።

«ምነው፣ በደኅና ነው?» አለች ድምጿ ሰልሎ።

ሰውየው ከኋላው የያዘውን ጫማ አወጣ። «ልጄስ ያው ልጄ ናት፤ ማታ ስለ መስጊዱ ስታወራ ጆሯችንን በላችው። ግን ቲቸር፣ ይሄ ጫማ ጠቧታል። የሷን ማን አድርጎት ሄደ?»

እህቴ እፎይ ብላ ወደ ክፍሉ ዞረች።

«ጫማ አልሆን ያለው እጁን ያውጣ!»

ግማሹ ክፍል እጁን አወጣ።